ኮርዱ ሲቀያየር ላለመጥፋት፦ የጃዝ ሶሎን ከሁለት ኖታ መጀመር

ጥያቄ፦ «ጊታር እጫወታለሁ። ሜጀርና ማይነር ስኬሎችን፣ ፔንታቶኒክን፣ ሞዶቹንም በየፖዚሽኑ አጥንቻለሁ። ጃዝ ላይ ሶሎ ስጀምር ግን ኮርዶቹ በየባሩ ይቀያየሩብኛል። ለዚህኛው የቱ ስኬል ነበር እያልኩ ሳስብ ኮርዱ አልፎኝ ይሄዳል። ሁሉንም ትቼ በአንድ ስኬል ብቻ ስጫወት ደግሞ ስህተት የለውም፣ ግን የትም የማይሄድ ነገር ይሆንብኛል። ቀለል ያለ መንገድ አለ? የሌሎችን ሶሎ በጆሮ መያዝስ የግድ ነው?»

መልስ፦ እህቴ፣ ቀለል ያለ መንገድ አለ። ተጨማሪ ስኬል አያስፈልግሽም። እንዲያውም ካጠናሽው ውስጥ አብዛኛውን ለጊዜው ወደ ጎን እንድታደርጊው እፈልጋለሁ። ኖታዎቹን በዶ ሬ ሚ እጽፍልሻለሁ። ዶ ስል ሁልጊዜ ያው አንዱ ዶ ነው፤ ቁልፉ ሲቀየር አብሮ አይዞርም።

በጃዝ ውስጥ ደጋግሞ የሚመጣው የኮርድ ሰንሰለት ሁለት-አምስት-አንድ የሚባለው ነው፤ ቁጥሮቹ ኮርዶቹ የሚነሱባቸው የስኬሉ ኖታዎች ተራ ናቸው። በዶ ሜጀር ሬ ማይነር ሰቨን፣ ሶል ሰቨን፣ ዶ ሜጀር ሰቨን ማለት ነው። የተለመደው ትምህርት ለመጀመሪያው ዶሪያን፣ ለሁለተኛው ሚክሶሊዲያን፣ ለሦስተኛው አዮኒያን ይልሻል። እስቲ ጊታርሽን አንሺና ሦስቱን ኖታ በኖታ ተመልከቻቸው። ሬ ዶሪያን፦ ሬ ሚ ፋ ሶል ላ ሲ ዶ። ሶል ሚክሶሊዲያን፦ ሶል ላ ሲ ዶ ሬ ሚ ፋ። ዶ አዮኒያን፦ ዶ ሬ ሚ ፋ ሶል ላ ሲ። ያው ሰባት ኖታ ነው። ስማቸው ሦስት ሆነ እንጂ ጣትሽ የሚረግጠው አንድ ቦታ ነው። በየባሩ «ስኬል ልቀይር» ብለሽ የምትጨነቂው ላልተቀየረ ነገር ነው። ኮርዱ አልፎሽ ቢሄድ አይገርምም።

ታዲያ ጆሮ የሚሰማው ለውጥ ከየት መጣ? ኮርዶቹን እንፍታቸው። ሬ ማይነር ሰቨን፦ ሬ ፋ ላ ዶ። ሶል ሰቨን፦ ሶል ሲ ሬ ፋ። ዶ ሜጀር ሰቨን፦ ዶ ሚ ሶል ሲ። ከየኮርዱ የመጀመሪያውን ኖታ ቤዙ ይይዘዋል። ከእሱ ተነስተሽ በስኬሉ ስትቆጥሪ አምስተኛው ኖታ ድምፁን ያወፍራል እንጂ ስለ ኮርዱ ጠባይ ብዙም አይናገርም። ወሬው ያለው ሦስተኛውና ሰባተኛው ላይ ነው። ኮርዱ ሜጀር ይሁን ማይነር፣ ያረፈ ይሁን ወደ ሌላ የሚጎትት፣ የሚታወቀው በእነዚህ ሁለቱ ነው።

ለይተን እንያዛቸው። ሬ ማይነር ሰቨን ላይ ፋና ዶ። ሶል ሰቨን ላይ ፋና ሲ። ዶ ሜጀር ሰቨን ላይ ሚና ሲ። ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው ስትሄጂ ፋ እዚያው ይቆያል፤ ዶ ብቻ ግማሽ ድምፅ ወርዶ ሲ ይሆናል። ከሁለተኛው ወደ ሦስተኛው ደግሞ ሲ እዚያው ይቆያል፤ ፋ ግማሽ ድምፅ ወርዶ ሚ ይሆናል።

በጊታርሽ ላይ በጣም ግልጽ ነው። አራተኛው ክር ላይ 3ኛውን ፍሬት፣ ሦስተኛው ክር ላይ 5ኛውን ፍሬት ያዢ። ፋና ዶ ነው። አሁን ሦስተኛውን ክር ብቻ ወደ 4ኛው ፍሬት አውርጂ። ሶል ሰቨን ሆነ። ቀጥሎ አራተኛውን ክር ብቻ ወደ 2ኛው ፍሬት አውርጂ። ዶ ሜጀር ሰቨን ላይ ደረስሽ። በእያንዳንዱ ለውጥ የተንቀሳቀሰው አንድ ጣት ነው፣ የሄደውም አንድ ፍሬት። ሬ፣ ሶል፣ ዶን በቤዝ የሚመታልሽ ሰው ካለ ወይም ራስሽ ቀድተሽ ካስቀመጥሽ፣ በእነዚህ ሁለት ክሮች ብቻ ሙሉው ሰንሰለት ይሰማል። ይህን ቀስ ብለሽ ደጋግሚው። ከዚህ በኋላ የምለው ሁሉ ከዚህ የሚወጣ ነው።

እነዚህን የሚንቀሳቀሱ ኖታዎች ማረፊያ ብዬ እጠራቸዋለሁ። ሶሎ ስትጫወቺ ሐሳብሽን «አሁን የቱ ስኬል?» ላይ አታድርጊ። «ቀጥሎ የት ነው የማርፈው?» ላይ አድርጊ። ጥያቄው ስለሚመጣው ባር እንጂ ስላለሽበት አይደለም። ኮርዱ የሚያልፍብሽ ከደረሰ በኋላ ስለምታስቢው ነው፤ ማረፊያውን አስቀድመሽ ካወቅሽ ግን ኮርዱን ቆመሽ ትቀበይዋለሽ። በማረፊያና በማረፊያ መካከል ያለውን ቦታ በነዚያ ሰባት ኖታዎች እንደፈለግሽ ሙዪው።

በተግባር እንየው። አንድ ባር አራት ምት ነው እንበል፤ በየምቱ አንድ ኖታ። በሬ ማይነር ሰቨን ባር ወደ ላይ፦ ሬ፣ ፋ፣ ላ፣ ዶ። በሶል ሰቨን ባር ወደ ታች፦ ሲ፣ ላ፣ ሶል፣ ፋ። በሦስተኛው ባር መጀመሪያ፦ ሚ። እዚያው ቁሚ።

ያለ ምንም አጃቢ ተጫወቺውና ስሚው። ኮርዶቹ ሳይመቱ ይሰማሉ። የመጀመሪያው ባር ያለቀው ዶ ላይ ነው፤ ሁለተኛው የጀመረው ሲ ላይ። ሁለተኛው ያለቀው ፋ ላይ ነው፤ ሦስተኛው የጀመረው ሚ ላይ። ቅድም በሁለት ጣት ያየሻቸው ሁለት እርምጃዎች ልክ ባሩ የሚቀየርበት ቦታ ላይ ተቀምጠዋል። ዜማው የትም እንደማይሄድ የተሰማሽ ይህ ስለጎደለው ነው። ኖታዎችሽ ልክ ነበሩ፤ ባሩ ሲገባ ግን የሚወርድ ነገር አልነበረም።

ይህ መስመር በራሱ የመልመጃ ሽታ አለው፤ ልክ ነሽ። ወደ ሙዚቃ የሚቀይሩት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንዱ የምት ጉዳይ ነው፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ። ሌላው ማረፊያውን ከላይና ከታች መክበብ ነው። ከላይ ባለው መስመር ከሚ በፊት ያሉትን ሁለት ኖታዎች፣ ሶልና ፋን፣ ተያቸው። በቦታቸው ፋንና ከሬ በግማሽ ድምፅ ከፍ የሚለውን ሬ ሻርፕን አስገቢ። ሲ፣ ላ፣ ፋ፣ ሬ ሻርፕ፣ ከዚያ ሚ። ሬ ሻርፕ ከዶ ሜጀር ውጭ ነው። ግን ማንም ጆሮ ስህተት አይለውም፤ ምክንያቱም ወዴት እየሄደ እንደሆነ ወዲያው ይታወቃል። በጃዝ ሶሎ ውስጥ «ይህን ኖታ ከየት አመጡት?» የሚያስብሉ ብዙ ኖታዎች ምስጢራቸው ይኸው ነው። ማረፊያው ልክ ከሆነ መንገዱ ላይ ብዙ ነፃነት አለሽ።

አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። ዶ ሜጀር ሰቨን ላይ ፋን ረግጠሽ አትቁሚ። ፋ ከሚ በግማሽ ድምፅ ብቻ ስለሚበልጥ ኮርዱን ያምሰዋል። እለፊበት፣ አትረፊበት።

አሁን ኮርዶቹን ራሳቸውን እንቀንስ። እ.ኤ.አ. ከ1929 እስከ 2021 የኖረው ፒያኒስትና ታላቅ መምህር ባሪ ሃሪስ ሁለተኛውን ኮርድ ከአምስተኛው ለይቶ ማሰብ አይወድም ነበር። ሬ ማይነር ሰቨንና ሶል ሰቨንን አንድ አድርገሽ በሶል ሰቨን አስቢያቸው ነው ነገሩ። ለመጀመሪያ ጊዜ ስትሰሚው ማጭበርበር ሊመስልሽ ይችላል። ግን ተመልከቺ፦ ሬ ማይነር ሰቨን ሶል ሰቨን ላይ የሚዘገይ አንድ ዶ ነው ማለት ይቻላል፤ ዶው ሲ ሲሆን ሶል ሰቨን ደረሰ። በዚህ ዓይን ካየሽው በአንድ ገጽ ላይ ሰላሳ ኮርድ የተጻፈበት ዘፈን ወደ ጥቂት ቦታዎች ይሰበሰባል። አንዱ ቤት ነው፣ ሌላው ወደ ቤት የሚጎትት። ፈጣን ሙዚቃ ላይ እኔም የምመክረው ይህንን ነው። ቀስ ባለ ዘፈን ላይ ግን ሁለቱን ለይቶ ማሰማት ውበት አለውና ችላ አትበይው።

ማይነር ላይ ያለው ሁለት-አምስት-አንድ ብዙ ሰው ያስፈራዋል። ስሞቹ ስለሚረዝሙ ይመስለኛል። ሬ ማይነር ሰቨን ፍላት ፋይቭ፣ ሶል ሰቨን፣ ዶ ማይነር። ከሜጀሩ ጋር አስተያዪው፦ ላ በግማሽ ድምፅ ወደ ላ ፍላት ወረደ፣ ማረፊያው ሚ ደግሞ ሚ ፍላት ሆነ። በቃ። ቅድም የተጫወትሽውን መስመር ውሰጂና እነዚህን ሁለት ኖታዎች ብቻ ቀይሪ። ሬ፣ ፋ፣ ላ ፍላት፣ ዶ፤ ሲ፣ ላ ፍላት፣ ሶል፣ ፋ፤ ሚ ፍላት። መልኩ ሙሉ በሙሉ ተለወጠ፣ መንገዱ ግን ያው ነው። ሃርሞኒክ ማይነር ስትማሪ ያየሽው ስኬል ዋና ሥራው እዚህ ነው።

ወደ ብሉዝ እንሂድ፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። አሥራ ሁለት ባር ብሉዝ በፋ፣ በተለመደው የጃዝ ቅርጹ እንዲህ ነው። ከ1 እስከ 4 ፋ ሰቨን፤ አንዳንዴ 2ኛው ባር ላይ ሲ ፍላት ሰቨን ይገባል። 5 እና 6 ሲ ፍላት ሰቨን። 7 ፋ ሰቨን፣ 8 ሬ ሰቨን፣ 9 ሶል ማይነር ሰቨን፣ 10 ዶ ሰቨን፣ 11ኛው ላይ ወደ ፋ ሰቨን ይመለሳል፤ 12ኛው ወደ መጀመሪያው የሚያዞር ነው።

ብዙ ጊታሪስት እዚህ የፋ ብሉዝ ስኬልን ከጫፍ እስከ ጫፍ ያሽከረክራል። መጥፎ አይደለም፤ ብሉዝ ያለዚያ ቀለም ብሉዝ አይሆንም። ነገር ግን ሁለት ቦታዎችን ብቻ ብታከብሪ ሶሎሽ ሌላ ይሆናል። የመጀመሪያው 5ኛው ባር ነው። ፋ ሰቨን ውስጥ ላ አለ፤ ሲ ፍላት ሰቨን ውስጥ ደግሞ ላ ፍላት። 4ኛውን ባር ላ ላይ ጨርሰሽ 5ኛውን በላ ፍላት ጀምሪ። ያች አንዲት ግማሽ እርምጃ «ኮርዱ ተቀየረ» ብላ ትናገራለች።

ሁለተኛው ቦታ ከ8ኛው ባር ጀምሮ ያለው ነው፤ በጣም የምወደውም እሱን ነው። 8ኛው ባር ላይ የሬ ሰቨን ሦስተኛ ፋ ሻርፕ ነው። 9ኛው ላይ የሶል ማይነር ሰቨን ሰባተኛ ፋ ነው። 10ኛው ላይ የዶ ሰቨን ሦስተኛ ሚ ነው። 11ኛው ላይ የፋ ሰቨን ሰባተኛ ሚ ፍላት ነው። ፋ ሻርፕ፣ ፋ፣ ሚ፣ ሚ ፍላት። አራት ባር፣ አራት ኖታ፣ በአንድ ክር ላይ አራት ተከታታይ ፍሬት። አራት ኮርድ ይሳደድብሽ የነበረው ቦታ አንድ የሚወርድ መስመር ሆነ። በመጀመሪያ በየባሩ አንዱን ብቻ አስረዝመሽ ተጫወቺ። ከዚያ በየባሩ መጀመሪያ እሱን እየረገጥሽ የቀረውን ሙዪ።

ይኸው መስመር ሌላ ቦታም ይጠብቅሻል። እ.ኤ.አ. በ1930 ጆርጅ ገርሽዊን የጻፈው አይ ጋት ሪትም የተባለው ዘፈን የኮርድ መንገዱ በጣም ስለተወደደ፣ ሙዚቀኞች ብዙ አዳዲስ ዜማዎችን በእሱ ላይ ሠርተዋል። ሪትም ቼንጅስ የሚሉት ይህንን ነው። ብዙ ጊዜ በሲ ፍላት ይጫወቱታል። መካከለኛው ክፍል ሬ ሰቨን፣ ሶል ሰቨን፣ ዶ ሰቨን፣ ፋ ሰቨን ነው፤ ለእያንዳንዱ ሁለት ሁለት ባር። ማረፊያዎቹን ፈልጊ፦ ፋ ሻርፕ፣ ፋ፣ ሚ፣ ሚ ፍላት። ከብሉዙ ጋር ያው ነው፣ እዚህ እጥፍ ጊዜ ተሰጥቶታል። ከዚያ ወደ ሲ ፍላት ሲመለስ አንድ ወርደሽ ሬ ላይ ታርፊያለሽ።

የሪትም ቼንጅስ የመጀመሪያ አራት ባሮች ደግሞ በየሁለት ምቱ ኮርድ የሚቀየርባቸው ናቸው። እዚያ እያንዳንዱን ኮርድ ለማሳደድ አትሞክሪ። ሁሉም ሲ ፍላትን የሚዞሩ ስለሆኑ በሲ ፍላት ዜማ ሥሪ። 5ኛው ባር ላይ ላ ፍላት ሲመጣ ብቻ ንቂ።

ከዚህ ጋር ስለ አንዱ ስኬል ላነሳሽው ጥያቄ ልመልስ። በአንድ ቁልፍ ላይ ሆኖ በኮርዶቹ ላይ መንሳፈፍ የሰነፍ መንገድ አይደለም። ሌስተር ያንግ የሚደነቅበት አጨዋወት ወደዚያ ያዘነብላል፤ ዜማው ይቀድማል፣ ኮርዶቹ ከሥር ያልፋሉ። ኮልማን ሆኪንስ ግን እ.ኤ.አ. በ1939 ቦዲ ኤንድ ሶል የተባለውን ዘፈን ሲቀዳ ኮርዶቹን አንድ በአንድ እየከፈተ ነው የሄደው፤ ዋናውን ዜማ መግቢያው ላይ ነካ አድርጎ ተወው። ሁለቱም ቴነር ሳክስፎን፣ ሁለቱም በአንድ ዘመን። የያንግ መንሳፈፍ የሚያምረው ግን ማረፊያዎቹን ስለሚሰማቸው ነው፤ የሚነካቸውንም የሚያልፋቸውንም መርጦ ነው። ማረፊያዎቹ በጆሮሽ ሲገቡ አንዱ ስኬል ራሱ ሌላ መልክ ይይዛል።

ፈጣንና ከባድ ኮርዶች ላይስ? ሳክስፎኒስቱ ጆን ኮልትሬን እ.ኤ.አ. በ1959 የቀዳው ጃይንት ስቴፕስ በሦስት ቁልፎች መካከል በከባድ ፍጥነት የሚዘል ነው፤ ሲ፣ ሶል፣ ሚ ፍላት። ሶሎውን ቀስ አድርገሽ ብትሰሚው ደጋግሞ የሚጠቀመው ነገር በጣም ቀላል ሆኖ ታገኚዋለሽ፦ የየኮርዱ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አምስት። በዶ ቢሆን ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል ማለት ነው። ኮርዱ ሲፈጥን ኮልትሬን እንኳ ወደ ቀላሉ ነው የሄደው።

አሁን ወደ ምቱ። እኔ ሶሎ ስሰማ መጀመሪያ የምሰማው ይህንን ነው፤ አድማጭም እንደዚያው። ልክ የሆነ ኖታ በደከመ ምት ከተቀመጠ ማንም አይሰማውም። ስለዚህ ቅድም ያልኩሽን መስመር እንደዚህ ለውጪው። በመጀመሪያው ምት አትጀምሪ፤ ዝም በይ። ከአንድ በኋላ ባለው ግማሽ ምት ግቢ፣ ኖታዎቹን ለሁለት ከፍለሽ በስዊንግ፣ ማለትም የመጀመሪያውን ረዘም ሁለተኛውን አጠር አድርገሽ፣ አስኪጃቸው። ሚ ላይ ደግሞ ባሩ ሳይደርስ ግማሽ ምት ቀድመሽ እረፊ። ያው ኖታዎች ናቸው፣ ግን ሕይወት ዘራባቸው። ቀጥሎ ያለውን ባር ባዶ ተይው። ዝምታውን ለመሙላት እጅሽ ይቸኩላል፤ አትፍቀጂለት። ቤዙና ድራሙ ያን ባዶ ቦታ ይፈልጉታል፤ አንቺም ቀጣዩን ማረፊያ የምታስቢበት ጊዜ ታገኛለሽ።

አንድ የምወደው መልመጃ አለ። ለአንድ ሙሉ ዙር ሦስት ኖታ ብቻ ምረጪ፤ በፋ ብሉዝ ለምሳሌ ፋ፣ ላ፣ ዶ። ላ ፍላት ሲያስፈልግ ላን ብቻ ዝቅ አድርጊ። ኖታ ስላጣሽ በምትና በዝምታ እንድትናገሪ ትገደጃለሽ። ይህን ሳይሠሩ አዳዲስ ስኬሎችን መቆለል ጊዜ ማባከን ነው ብዬ አምናለሁ።

ልምምዱን በድምፅሽ ጀምሪው። ጊታሩን ሳትነኪ ቤዙን እየሰማሽ ማረፊያዎቹን አንጎራጉሪ። ጣት በልማድ ይሄዳል፣ ድምፅ ግን ያልሰማሽውን አያወጣም። ማንጎራጎር ያቃተሽ ማረፊያ ካለ ጆሮሽ ገና አልያዘውም ማለት ነው፤ በጣትሽም ብትረግጪው በአጋጣሚ ነው የሚሆነው። ከዚያ በጊታር፣ ሜትሮኖሙን በጣም አዝግመሽ፣ በየባሩ አንድ ማረፊያ ብቻ። ሲደላደል ሁለት ኖታ፣ ከዚያ አራት። በዶ ሲሳካ ወደ ፋ፣ ከፋ ወደ ሲ ፍላት እያልሽ አዙሪው። አሥራ ሁለቱንም ቁልፍ በአንድ ሳምንት ለመጨረስ አትሩጪ። ጃዝ ላይ ብዙ የሚጫወቱት በፋ፣ በሲ ፍላትና በሚ ፍላት ነው፤ እነሱን አስቀድሚ።

የሌሎችን ሶሎ በጆሮ መያዝን በተመለከተ፣ አዎ፣ የግድ ነው። ግን ሙሉ ሶሎ መያዝ የለብሽም። ከምትወጂው ሰው ሶሎ ሁለት-አምስት-አንድ ያለበትን ሦስት ባር ቁረጪ። ፍጥነቱን ቀንሺና በመጀመሪያ አንድ ነገር ብቻ ፈልጊ፦ ሦስተኛው ባር ሲገባ የትኛው ኖታ ላይ ነው? ሦስተኛው ነው? ሰባተኛው? ወይስ አልፎት ሄዶ ዘግይቶ ነው ያረፈው? እሱን ካገኘሽ በኋላ ወደ ኋላ እየቆጠርሽ እንዴት እንደደረሰ ፈልጊ። የተገኘውን ሐረግ በሌላ ሁለት ቁልፍ ተጫወቺው፤ ከዚያ ማረፊያውን እንዳለ ይዘሽ መንገዱን በራስሽ ቀይሪው። አንዱን ሐረግ እንዲህ ሳትጨርሺ ወደሚቀጥለው አትለፊ።